የጾም ሲንክ፣ የፍስክ ሲንክ

ካዛንቺስ ውስጥ የተሻለ ኑሮ ያለው ቤት ሁሉ ሁለት ወጥ ቤት አለው። አንዱ የሚበሰልበት ነው፤ ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተከለለ ማድ ቤት፣ ክረምት የሚያፈስ፣ በጋ የሚጠብስ። ሌላው የሚታይ ነው፤ ዋናው ቤት ውስጥ ከሳሎኑ ቀጥሎ፣ ካቢኔቱ የሚያብረቀርቅ፣ ግራናይቱ የሰው ፊት የሚያሳይ። በዚህኛው ወጥ ቤት ወጥ ተሠርቶ አያውቅም። ሽንኩርት ከተቁላላማ ሶፋው ይሸታላ! መጋረጃውስ? ስለዚህ የሚፈላበት የሻይ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም እንግዳ ሲኖር።

የአቶ ሀብተሥላሴና የወይዘሮ ጀማነሽ ቤት በሁለት አልረካም። ሦስተኛ ጨመረ። የምነግራችሁ የዚያን የሦስተኛ ክፍል ነገርና፣ እሱ ሲጨመር የተቀነሰችውን የማሚትን ነው።

ማሚት ከመንዝ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ያመጣቻት ዘመድ ተብዬ «ትማሪያለሽ» ብላት ነበር፤ ተማረችም። የመጀመሪያዋ አሠሪዋ ላንቻ አጠገብ ሱቅ ነበራት፤ ከባንኮኒው ሥር ስላስተኛቻት፣ እግር ሳይዘረጉ መተኛትን ተማረች። ከዚያ ቡልጋሪያ አካባቢ ያሉ አስተማሪ ባልና ሚስት ወሰዷት። ቀን ቀን ለተማሪ ስለ ሰው ልጅ መብት ያስረዳሉ፣ ሲመሽ ማሚትን ኮሪደር ላይ ያነጥፏታል። ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ይረማመድባታል፤ ተረግጦ አለመንቃትን ከነሱ ተማረች። ከተማችን እንዲህ አድርጋ ነው የገጠር ልጅ የምታስተምረው፤ ሰርተፊኬቱ ወገብ ላይ ይቀራል።

ካዛንቺስ የገባችው በሰባ ዘጠኝ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበሩ፤ በኋላ የመምሪያ ኃላፊ ሆነዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ ልጃቸውን ሔለንን ገና ያጠቡ ነበር። ግቢው ጥሩ ነው፣ ቤቱም ጥሩ ነው፤ ለሠራተኛ መኝታ ግን እንደ ወጉ ማንም አላሰበም። ማሚት ሁለት ቤት ያስተማራትን ይዛ ስለመጣች፣ ራሷ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዋናው ቤት ጀርባ የተለጠፈች፣ ጨለማ የዋጣት የከሰል ማስቀመጫ አገኘች።

«እትዬ፣ ይቺን ልጥረጋት?»

«ምን ልታደርጊባት?»

«ልተኛባት።»

«ጥረጊያት፣ ምን ቸገረኝ።»

የወይዘሮ ጀማነሽ ቸርነት በታሪክ መዝገብ ይግባ፤ ምን ቸገረኝ ብለዋል። ማሚት ከሰሉን ወደ ጆንያ ገለበጠች፤ ግድግዳውን ፈግፍጋ ጋዜጣ ለጠፈችበት፣ በጋዜጣው ላይ ኖራ ቀባችበት። ሰፈር ውስጥ የሚሠራውን ግንበኛ ቡልቻን ለምና የድስት ክዳን የምታህል መስኮት አስከፈተች። የሽቦ አልጋ አስገባች፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቀለች። ከሁሉ በላይ በሩ ላይ መቀርቀሪያ አስመታች። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ። በዕድሜዋ ሰው እንዳይገባባት የዘጋችው የመጀመሪያ በር እሱ ነው። የመጀመሪያውን እሁድ በሩን ቀርቅራ፣ እግሯን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ጋደም ብላ ዋለች። ነፋሱ ከስታዲየም በኩል ሲመጣ የጎል ጩኸት ይዞ ይገባል፤ ማን በማን ላይ እንዳገባ አታውቅም፣ ግን ፈገግ ትላለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ትንሿ ሔለን አባትና እናቷ የተጣሉ እንደሆነ እየሮጠች የምትሸሸው ወደዚያች ክፍል ነበር። «ማሚዬ፣ ቀርቅሪው» ትላለች። ማሚት ትቀረቅረዋለች፤ ጩኸቱ እስኪበርድ ልጅቷን አቅፋ ትተኛለች። ይህን ያዙልኝ።

ሔለን አደገች፤ ተማረች። የተማረችው የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። በሁለት ሺህ ሁለት የትንሣኤ ሰሞን ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለእናቷ ስታስረዳ፣ ማሚት ሰሃን እያነሳች ትሰማ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ኪችን በቃ ጊዜው አልፎበታል። ኦፕን እናድርገው።»

«ኦፕን ስትዪ?»

«ማለቴ ከሳሎኑ ጋር ያለው ግድግዳ ይነሳል። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ኪችኑን ያያል።»

«ቆሻሻውን ሰሃንም ያያል?»

«አያይማ! ለሱ ስከለሪ አለ።»

«ምን አለ?»

«ስከለሪ። ከኪችኑ ኋላ ያለች ትንሽ የማጠቢያ ክፍል ነች። የቆሸሸ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይገባል፣ እዚያ ይታጠባል፣ ማንም አያየውም። ኪችኑ ውስጥ ሲንክ ራሱ አይኖርም። ክሊን!»

ወይዘሮ ጀማነሽ ዓይናቸው በራ። ይህ ስከለሪ የተባለ ነገር የዱሮ እንግሊዝ ጌቶች ገረዶቻቸውን ከነእጥበታቸው የሚደብቁበት ክፍል ነው። እንግሊዞች ገረድ ሲጠፋባቸው ማሽን ገዙ፤ ክፍላቸውን እኛ ወረስን። መውረስ ላይ ማን ይችለናል!

እውነቱን ለመናገር ማሚት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ለዚያ ሁሉ ዓመት እቃ ያጠበችው ግቢው መሐል ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ ነው። ሐምሌ ላይ ፌስታል እራሷ ላይ አጥልቃ፣ ጀርባዋ እየራሰ፣ ጣቷ እስኪኮማተር። የመጀመሪያው ፕላን ደግሞ ማንንም አይነካም ነበር፤ ከወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ የምታወጣው ጠባብ መተላለፊያ ትዘጋና አንድ ሲንክ ይገባባታል። ቡልቻ መጥቶ ለካ፤ «ይበቃል» አለ። መተላለፊያዋና የማሚት ክፍል አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው።

«ጣሪያ ሥር ቆሜ ልታጠብ ነው ቡልቻ» አለችው።

«እቃውን ነው አንቺን?» አላት፤ ተሳሳቁ።

ሳቁ ያለቀው ወይዘሮ ጀማነሽ ቅዳሴ አስቀድሰው የተመለሱ ዕለት ነው። እሳቸው ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። የጾም ድስት ለብቻ ነው፣ የፍስክ ድስት ለብቻ። ጭልፋው ለብቻ፣ መደርደሪያው ለብቻ። በቤታቸው አንድ የጾም ማንኪያ የፍስኩ መሳቢያ ውስጥ የተገኘ ዕለት ማሚት የሰማችውን ስድብ እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ የተሰደበው ሰይጣን ቢሆን እንኳ ይበዛበታል።

«አንድ ሲንክ ነው የሚገባው?» አሉ።

«አንድ ነው እትዬ» አለ ቡልቻ።

«የዶሮ ስብ የታጠበበት ውስጥ የሁዳዴ ድስት ላጥብ ነው እኔ?»

ላጥብ አሉ። ወይዘሮ ጀማነሽ ከተዳሩ ወዲህ ያጠቡት እጃቸውን ነው።

«እንግዲያ ሁለት ከሆነ መተላለፊያዋ አትበቃም» አለ ቡልቻ፤ እያመነታ ወደ ማሚት ግድግዳ አየ። «ይቺ ካልፈረሰች።»

«ትፍረሳ!»

ማሚት የሻይ ብርጭቆ በትሪ ይዛ ቆማ ነበር። «እኔስ እትዬ?»

«አንቺማ ምን ሆንሽ? ላንቺ አይደል እንዴ የሚሠራው! በዝናብ ከምትታጠቢ ብለን እኮ ነው ይሄን ሁሉ የምንደክመው።»

«መኝታዬን ማለቴ ነው።»

«ለጊዜው ማድ ቤቱ ውስጥ ትሆኛለሽ።»

«ማድ ቤቱ ያፈሳል እትዬ።»

«ለጊዜው አልኩሽ እኮ! ምነው ማሚት፣ መቼም ሜዳ አንጥልሽ!»

ለጊዜው! ይህች ቃል ስንቱን ቀብራለች! የዚህ ከተማ ሰው ሊነጥቅህ ሲነሳ ዱላ አይዝም፤ ለጊዜው ይልሃል። አንተም ጊዜውን ስትጠብቅ ታረጃለህ።

ማሚት ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ሄደች። እሳቸው በረንዳ ላይ ጋዜጣ ይዘው ነበር። በወጣትነታቸው በራሪ ወረቀት በካፖርታቸው ሸሽገው የሚበትኑ፣ «መሬት ላራሹ» ብለው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የጮኹ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ይህንኑ ይተርካሉ። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ እንባቸው ይመጣል። ጭቁኑ ሕዝብ ትሪ ይዞ ከፊታቸው ሲቆም ግን መነጽራቸውን ያጣሉ።

«ጋሼ፣ ክፍሌ ሊፈርስ ነው።»

«እ… አዎ። እትዬሽ አስባበታለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በኪችን ጉዳይ አልገባም ማሚት።»

ገጹን ገለጡ። መሬት ላራሹ ያለ አንደበት፣ ክፍል ለተኛባት ማለት አቃተው።

የቀረችው ሔለን ነበረች። ማሚት ላፕቶፑን ከኋላዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ቤቱ ከላይ ወደ ታች ተስሏል፤ ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ የሔለን መኝታ ቤት፣ ሁለቱ ሲንኮች ጎን ለጎን።

«ሔሉ፣ እኔ የት ነኝ?»

«ማሚዬ ደግሞ! ማለቴ… ፕላን ላይ ሰው አይሳልም እኮ።»

«አልጋ ግን ይሳላል። ይኸው ያንቺ አለ።»

ሔለን ስክሪኑን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። «እሱን በኋላ እናየዋለን፣ በቃ አትጨነቂ» አለች። «ቀርቅሪው» ትል የነበረችው ልጅ ነች እንግዲህ።

ሐምሌ ውስጥ ፈረሰ። ቡልቻ መዶሻውን ሲያነሳ ማሚትን አላያትም፤ ኖራው ከነጋዜጣው እየተላጠ ወረደ። የእመቤታችንን ሥዕል ራሷ አወረደችው። አልጋው ተፈትቶ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመ። እሷ ፍራሿን ይዛ ማድ ቤት ገባች፣ በከሰል ጆንያና በጠላ ጋን መካከል። ከሰል አውጥታ በገባችበት ዓመት የጀመረችው ኑሮ፣ ከሰል አጠገብ ተመልሶ ተነጠፈ። ክረምቱም ሥራውን አልዘነጋም፤ ፍራሹን በየቀኑ ከሚያፈሰው ወደማያፈሰው ስትጎትት፣ የማያፈስ ቦታ አለቀባት።

ወይዘሮ ጀማነሽ ደግሞ አንዴ ከተነሱ አይመለሱም። የግቢው ቧንቧ የሰፈር ቦኖ ያስመስለናል ብለው አስነቀሉት። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃው በሙሉ ወደ አዲሱ ክፍል ተጠለፈ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከመንገዱ መስመር ጋር ቀረ፤ መስመሩ እንደምታውቁት ሲፈልግ ይመጣል። ቡልቻ የማሚትን አሮጌ የጓሮ በር እያየ «ይሄስ ይቀየር?» ሲል፣ «ተወው፣ በጓሮ ማን ያየዋል» አሉት። በሩ ከነመቀርቀሪያው ቀረ። ወደ ወጥ ቤቱ በኩል አዲስ በር ተገጠመ፣ ቁልፉ ከውስጥ። ሁለቱ ሲንኮች ጎን ለጎን ተተከሉ፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። መንትያ ናቸው፤ የወለዷቸው ወይዘሮ ጀማነሽ ብቻ ናቸው የሚለዩአቸው።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የወይዘሮ ጀማነሽ ነበር። የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ ያን ዓመት እሁድ ላይ ዋለ። ማኅበርተኛው ሁሉ ከቅዳሴ ወደ እሳቸው ቤት ይመጣል፣ አዲሱ ኪችን ይታያል፣ የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረሕይወት ጠበል ይረጩበታል። ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ የተሠራው።

ዋዜማውን ማሚት ሽንኩርት ስትከትፍ ከመንገዱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ አለፈ። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ጀማነሽ ፈገግ ብለው ማድ ቤት ብቅ አሉ፤ በእጃቸው ሁለት አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ ይዘዋል።

«ይኸውልሽ ማሚትዬ፣ አገኘሁልሽ! ቀዩ ለፍስክ፣ ሰማያዊው ለጾም።»

«ከየት አመጡት እትዬ?»

«ቆራሌው ለወጠልኝ። ያ ብረት ዝጎ ግቢውን አበላሽቶት ነበር፣ ገላገለኝ።»

ማሚት ቢላዋውን አስቀመጠች። ወጥታ ጣሪያው ሥር አየች። ግድግዳው ላይ የዝገት ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«አልጋዬን ነው እትዬ የሸጡት?»

«አልሸጥኩም! ለወጥኩ። እሱ ደግሞ አልጋ ሆኖ ነው?»

«ለጊዜው ብለውኝ ነበር።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ነገ ማኅበር አለብኝ፣ አሁን ስለ አልጋ ታወሪኛለሽ?»

አልጋ ወስዶ ሳፋ! አንዲት ሴት የምትተኛበትን ነጥቀህ የምታጥብበትን ትሰጣታለህ፣ ቀለሙንም ትመርጥላታለህ፣ ምስጋናም ትጠብቃለህ። እኔ በሕይወቴ ያነበብኩት የብዝበዛ ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ማሚት ግን አልጮኸችም። ሽንኩርቷ ጋ ተመለሰች፤ ዓይኗ ያለቀሰው በሽንኩርት ይሁን በሌላ፣ ሽንኩርት ለዚህ ነገር ይመቻል።

እሁድ ዕለት ቤቱ ሞላ። ነጠላ ለብሶ ያልመጣ የለም። ማሚት ሥራዋን አላጓደለችም፤ ዶሮው በሰዓቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው በተነሣው ግድግዳ በኩል ኪችኑን ያደንቃሉ።

«ጀማነሽ፣ ሆቴል ነው እንዴ የሠራሽው!» አለች ሲምረት፤ ላንቻ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ አፏ ላይ መዝጊያ የሌላት ማኅበርተኛ ነች።

«ሔሉ ነች። እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ እየተሽኮረመሙ። «ገና የኋላውን አላያችሁም! ከምሳ በኋላ አባታችን ሲባርኩት ታዩታላችሁ።»

ምሳው ተበላ። ሔለን ከጓደኞቿ ጋር ሰሃን እያነሳች ግራናይቱ ላይ ደረደረች። ማሚት ማድ ቤት ሄደች። ፍራሿን ጠቀለለች፣ ሥዕሏን በብብቷ ያዘች፣ በአሮጌው የጓሮ በር ወደ አዲሱ የማጠቢያ ክፍል ገባች። የወጥ ቤቱን በር በቁልፍ ዘጋች። የጓሮውን በመቀርቀሪያው ቀረቀረች። ፍራሹን ከሁለቱ ሲንኮች ፊት ዘረጋችና ተጋደመች።

«ማሚት! የእጅ ውሃ!» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ከሳሎን።

መጥተው በሩን ገፉት። «ማሚት! እዚህ ነሽ?»

«አቤት እትዬ።»

«ክፈቺ እንጂ! ሰው እጁን ይዞ ቀረ እኮ!»

«ተኝቻለሁ እትዬ።»

«ምን?»

«ተኝቻለሁ።»

ወይዘሮ ጀማነሽ እንደ መሳቅ ቃጣቸው፤ ከዚያ ተዉት። ሲምረት ቀኝ እጇን ወደ ላይ ይዛ፣ ጣቷ ዶሮ ወጥ እንደተቀባ፣ ወደ ኪችኑ ገባች። ግራና ቀኝ አየች።

«ጀማነሽ፣ ቧንቧው የት ነው? እኔ ታጥቤ ላስታጥብ።»

«አይ… እዚህ የለም። ወደ ኋላ ነው።»

«ይህን ሁሉ ካቢኔት ይዞ ኩሽና ያለ ቧንቧ! ዋይ! የግቢው ቧንቧስ?»

«ተነቅሏል።»

«መታጠቢያ ቤቱስ?»

«ውሃ ዛሬ አልመጣም» አለች ሔለን፣ ቀስ ብላ።

ሲምረት ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ዞራ ወደ ሳሎኑ ጮኸች፦ «ወገኖቼ፣ ውሃው ማሚት ጋ ነው! ማሚት ደግሞ ተኝታለች!»

ይህን ትዕይንት በደንብ እዩት። የማኅበሩ ሰው ሁሉ፣ ባለሥልጣኑ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ካህኑ፣ ነጠላው እንዳይነካ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ይመስላል። በአንድ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ! ሰሃኑ ደግሞ በሚታየው ኪችን፣ ፊት በሚያሳየው ግራናይት ላይ ተቆልሏል፤ አጥንቱ፣ ቅባቱ፣ የእንጀራው ፍርፋሪ። እንዳይታይ ተብሎ ክፍል የተነጠቀበት ሁሉ መሐል ሜዳ ላይ ወጣ።

መምሬ ገብረሕይወት እጃቸውን እንደያዙ ወደ በሩ መጡ።

«ማሚት ልጄ፣ ምነው?»

«ይፍቱኝ አባቴ። መኝታዬ ላይ ነኝ።»

«መኝታሽ እዚህ ነው?»

«እዚህ ነበር።»

ካህኑ ወደ ወይዘሮ ጀማነሽ ዞሩ። ወይዘሮ ጀማነሽ ተንተባተቡ፦ «አባታችን፣ እኔ እኮ ለጾም ብዬ ነው! የጾሙና የፍስኩ እቃ አንድ ላይ እንዳይነካካ፣ ሁለተኛ ሲንክ…»

«እቃው ይጾማል እንዴ?» አሉ መምሬ።

አንድ ሰው ነጠላው ውስጥ አፉን ቀብሮ ሳቀ። መምሬን ግን አላመሰግናቸውም። በዚያ ቤት ለዓመታት ሲበሉና ሲባርኩ፣ ወጡን የሠራችው ሴት የት እንደምትተኛ አልጠየቁም። ዛሬ የጠየቁት ጣታቸው ስለተጣበቀ ነው።

አቶ ሀብተሥላሴ በመጨረሻ ተነሡ። «ማሚት፣ ክፈቺ። ግድግዳውን እናስመልስልሻለን» አሉ፤ ያን የዱሮ የሰልፍ ድምፃቸውን ፈልገው፣ ግማሹን ብቻ አገኙት።

«መቼ ጋሼ?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ ያሉት እንደ ለጊዜው ነው?»

«ነገ!»

«እንግዲያ ነገ እከፍታለሁ።»

ሳሎኑ ፈነዳ። አቶ ሀብተሥላሴ ግንባራቸውን በግራ እጃቸው ጠረጉ። «እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትዪው?»

«ቡልቻ ይምጣ። እሱ ብቻ ይግባ።»

ሔለን ደወለች። ቡልቻ የእሁድ ኮቱን እንደለበሰ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ መጣ። በሩ በጠባቡ ተከፍቶ ዋጠው፤ ተመልሶ ተቆለፈ። ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቡልቻ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ! የቱን ልንቀል?»

«ምኑን?» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ።

«የጾሙን ነው የፍስኩን?»

ማኅበሩ ሁሉ ወደ እሳቸው አየ፤ መምሬም አዩ። ከተሰቀለው እጅ ሁሉ ፊት፣ በፍስክ ቀን፣ አፋቸው ላይ የዶሮው ቅባት ገና ሳይደርቅ፣ የጾሙ ይነቀል ማለት እንዴት ይቻላል?

«የፍስኩን» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አልወጣም።

«አልሰማሁም እትዬ!»

«የፍስኩን ንቀለው ብዬሃለሁ!»

መዶሻው ጀመረ። የአዲሱ ክፍል ምረቃ ይኼ ሆነ፤ በጠበል ፋንታ በመዶሻ። ቡልቻ ሲንኩን በትከሻው ይዞ ወጣና በሚታየው ኪችን፣ በሳሎኑ መሐል፣ እጃቸውን በሰቀሉት እንግዶች መካከል አልፎ ግቢው ውስጥ ጣለው። ከግንባታው የተረፈ ብሎኬት ነበር፤ እየተመላለሰ አስገባ። ሲባጎ ወጠረ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ በዱሮው ግድግዳ መስመር ላይ ደረደረ። ማሚት ረድፉን በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ አየችው።

ከዚያ በሩን ከፈተች። ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች፣ ከመምሬ ጀምራ ሁሉንም አስታጠበች። ማንንም አላኮረፈችም። ሲምረት እጇን ስትታጠብ «ጎበዝ» አለቻት በሹክሹክታ፤ ማሚት «ውሃ ልጨምር እንዴ?» አለቻት።

ይህን ድል ብለው የሚያጨበጭቡ አሉ። ቆዩ እንጂ! ግድግዳው በሳምንቱ ቢያልቅም፣ ማሚት ያገኘችው ምንድን ነው? የራሷን። እሱንም ሙሉውን አይደለም። የማጠቢያው ፍሳሽ ቱቦ አንዴ በክፍሏ በኩል ስለተቀበረ ወደ ላይ ወጥቶ ከራስጌዋ በኩል ያልፋል፤ አንዲት ሰሃን በታጠበች ቁጥር ቱቦው ጆሮዋ ሥር ይንቦጫረቃል። አልጋውን ቆራሌው ወስዶ ቀርቷል፤ ፍራሿ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው የተዘረጋው። የፍስኩ ሲንክ ግቢው ውስጥ የክረምቱን ውሃ ይዞ ተቀምጧል፤ ወፍ ይጠጣበታል። የጾሙ ሲንክ የዶሮውንም የሽሮውንም ድስት ያጥባል፤ እስከ ዛሬ ማንም አልተቀሰፈም።

ቁጣዬ ያልበረደው ግን በዚህ አይደለም። ከማኅበሩ በኋላ ወሬው ካዛንቺስን ሲያዳርስ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ጀማነሽ እኮ ለሠራተኛዋ ክፍል አሠራችላት!» ተባለ። እንዲህ ያለ ደግ አሠሪ አለ እንዴ ተባለ። ወይዘሮ ጀማነሽም ሰምተው ሰምተው አመኑት። አሁን አዲስ እንግዳ ሲመጣ ኪችኑን ካሳዩ በኋላ በሳሎኑ አስወጥተው ወደ ጓሮ ይወስዱታል።

ባለፈው መስቀል የባላቸው የቢሮ ባልደረባ የሆነችን ሴት እንዲሁ ይዘው ዞሩ። «ይቺ ደግሞ የማሚት ክፍል ነች፤ እኛ ነን የሠራንላት» አሉ፤ ሊያሳዩ በሩን ገፉት።

አልተከፈተም። ደገሙት። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ማሚት?»

«አቤት እትዬ» አለች ማሚት፣ ሳትነሳ።